የመልክ ፎቶግራፍ አነሣሥና ምስክርነቱ

ተማሪዎቻችን ከገጠር ጥናት ሲመለሱ ከማስታወሻ ደብተራቸው ጋር የሰዎችን ፎቶግራፍ ይዘው ይመጣሉ። ከነዚህም ብዙዎቹ ተመሳሳይ ጉድለት አለባቸው፤ ሽማግሌው በቀትር ፀሐይ ስለ ቆሙ ዓይናቸው በቅንድባቸው ጥላ ተሸፍኗል፤ ጋቢያቸው ሲያበራ ፊታቸው ጠቁሮ ጠፍቷል፤ ከበስተኋላቸው ያለው ምሰሶም ከራሳቸው ላይ የበቀለ ይመስላል። ጥፋቱን በመሣሪያው ማሳበብ የተለመደ ነው። ነገር ግን የፎቶግራፍ ታሪክ እንደሚያስረዳን፥ መልክን የሚገልጠውም የሚሰውረውም ከሁሉ በላይ አንሺው ስለ አቀማመጥ፥ ስለ ብርሃንና ስለ እርማት የሚወስነው ውሳኔ ነው። ይህም ውሳኔ የውበት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የምስክርነት ጉዳይ ነው። ነገሩን ለማስረዳት ከአገራችን ታሪክ ጋር የተያያዘ አንድ ምሳሌ አቀርባለሁ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1815 በካልካታ የተወለዱ እንግሊዛዊት ነበሩ። የመጀመሪያ ካሜራቸውን በስጦታ ያገኙት በ1863 መጨረሻ፥ በ48 ዓመታቸው ነው። ራሳቸው እንደ ጻፉት ሲጀምሩ ስለ ጥበቡ ዕውቀት አልነበራቸውም። በዋይት ደሴት በሚገኘው ቤታቸው የዶሮውን ቤት የፎቶግራፍ ማንሻ፥ የከሰሉን ቤት ጨለማ ክፍል አደረጉት። የዘመኑ አሠራር ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር በ1851 ያስተዋወቀው የኮሎዲዮን ዘዴ ነበር፤ የመስታወቱ ገበታ ኮሎዲዮን ተቀብቶና በብር ናይትሬት ተነክሮ፥ ሳይደርቅ ብርሃን ማየትና ሳይደርቅ መታጠብ ነበረበት። ጀማሪዋ ብዙ ገበታ ካበላሹ በኋላ፥ በጥር 1864 ያነሡትን የአንዲት ሕፃን ልጅ ፎቶግራፍ «የመጀመሪያ ስኬቴ» ብለው ሰየሙት።

በዚያን ጊዜ የንግድ ፎቶግራፍ ቤቶች የሚከተሉት ልማድ ሌላ ነበር። ፈረንሳዊው ዲዝዴሪ በ1854 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ትንሽ የጉብኝት ካርድ ከተስፋፋ ወዲህ፥ ተነሺው በአምድና በመጋረጃ አጠገብ ሙሉ ቁመናው እየታየ ይቆም ነበር፤ ልብሱና ማዕርጉ ጎልተው ፊቱ ከጥፍር ያልበለጠ ይሆናል። ካሜሮን ግን ቀርበው ራስን ብቻ ገበታውን እንዲሞላ አደረጉ፤ ጀርባውን አጨለሙ፤ ብርሃኑንም ከአንድ ወገን አስገቡ። በ1867 ያነሡት የሊቁ ጆን ሄርሽል መልክ ለዚህ ማስረጃ ነው፤ ነጭ ጠጉሩና የተሸበሸበው ግንባሩ ከጨለማ ውስጥ ወጥተው ይታያሉ። የዘመኑ ተቺዎች ሥዕሎቻቸው የደበዘዙ ናቸው፥ ገበታዎቹም ነጠብጣብና ጭረት አለባቸው ብለው ነቀፏቸው። እርሳቸው ግን ብዙውን እንከን እንዳለ ትተው፥ ከሥዕሉ ግርጌ «ከሕይወት የተነሣ» ብለው ይጽፉ ነበር።

ወደዚህች ሴት ካሜራ ፊት በሐምሌ 1868 የቀረበው ልጅ ደጃዝማች ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነው። መቅደላ በተያዘችበት በሚያዝያ 13 ቀን አባቱን ዐፄ ቴዎድሮስን፥ በግንቦት ደግሞ በመንገድ ላይ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን አጥቶ ነበር። ዕድሜው 7 ዓመት ነው። ካሜሮን ብቻውንም፥ የኢትዮጵያ ልብስ ከለበሰው ጠባቂው ከካፒቴን ስፒዲ ጋርም አነሡት። ስሙን ጽፈዋል፤ ከስሙ በታች ግን «የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ» የሚለው ታክሏል። እንግሊዛዊው በኢትዮጵያ ልብስ መቅረቡም የአንሺዋንና የተመልካቹን ፍላጎት ያሳያል እንጂ የልጁን ፈቃድ አይነግረንም።

ሌላም ነገር አለ። ኮሎዲዮን ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃን ብቻ እንጂ ቀይና ቢጫ ብርሃን አይቀበልም፤ ስለዚህ ጠይም ቆዳ ዓይን ከሚያየው ይልቅ ጠቁሮ ይወጣል። ጀርመናዊው ፎገል ይህን ጉድለት ለማረም መንገዱን ያገኘው በ1873 ነው። ስለሆነም የዓለማየሁን የቆዳ መልክ ከዚህ ሥዕል ለመወሰን የሚሞክር ሰው የሚያነበው ልጁን ሳይሆን ኬሚካሉን ነው።

ከዚህ አንድ ዓመት በኋላ፥ በ1869፥ በለንደን የኢትኖሎጂ ማኅበር መጽሔት ላይ ጆን ላምፕሬ የተባለ ሰው የሰውን ገላ ለመለካት አንድ ዘዴ አቀረበ፤ ይኸውም ሰውን ልብሱን አስወልቆ፥ በየ2 ኢንቹ የሐር ክር በተወጠረበት መረብ ፊት አቁሞ፥ ፊት ለፊትና በጎን ማንሣት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፥ ኃጥአን በአንድ ዓይን በጎን መሣላቸው የታወቀ ነው፤ ለሠዓሊው አቀማመጥ ፍርድ ነበር፤ ለላምፕሬ ግን ልክ ብቻ ሆነ። የካሜሮን ሥዕል ብዙ ነገር ቢጨምርበትም ሰውየውን አስቀርቶልናል፤ መረቡ ግን ያስቀረው ቁጥርን ነው። የእኛ ሙያ ከሁለቱም ወላጆች የተወለደ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

እንግዲህ ለጀማሪው ተማሪ የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው። በቀትር ፀሐይ ከማንሣት ይልቅ ሰውየውን በፈቃዱ ወደ ጎጆው ደጃፍ ጥላ ያምጣ፤ ፊቱ ወደ ሰማዩ ብርሃን ጥቂት ዘወር ሲል፥ የቤቱ ውስጥ ጨለማ ለጀርባ ይበቃል። መሣሪያው ሰፊ ነጭ ጋቢ ሲያይ ብዙ ጊዜ ብርሃኑን ቀንሶ ፊትን ያጨልማልና፥ መጠኑን ከፊቱ ላይ ይውሰድ። በእጅ ስልክ እጅግ ቀርቦ ማንሣት አፍንጫን ያገዝፋልና ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ፤ በኋላ ዳሩን ይቁረጥ። ካሜራውንም በተነሺው ዓይን ልክ ይያዝ፤ ከላይ ወደ ታች የተነሣ ሽማግሌ ያንሳልና።

በኮምፒዩተር ማረምን በተመለከተ፥ የተጣመመውን ማቅናትና የጨለመውን በልኩ ማብራት የተፈቀደ ነው። የአንገት ንቅሳትን፥ የፈንጣጣ ጠባሳን ወይም የቆዳን መልክ መለወጥ ግን ማስረጃን መፋቅ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ከእርሱም ጋር የተነሺው ስም እርሱ እንደ ፈቀደው፥ ቀኑ፥ ቦታውና የተደረገው እርማት ይጻፍ።

ዓለማየሁ በኅዳር 14 ቀን 1879 በ18 ዓመቱ በሊድስ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። መልኩን የምናውቀው ሌሎች መርጠው ካስቀመጡት፥ ካለበሱትና ካበሩለት ሥዕል ነው። ዛሬ ተማሪያችን የሚያነሣቸውን ሽማግሌ የልጅ ልጆቻቸው የሚያውቁበት ሥዕል ምናልባት ያው አንድ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ አንሺው መዝጊያውን ከመጫኑ በፊት ስለ ማን እንደሚመሰክር ያስብ።