ባቡሩ ባደረበት ማዕድ ተዘረጋ

የጅቡቲ ባቡር በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ሌሊት አይሄድም ነበር። ጠዋት ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ ሲመሽ ድሬዳዋ ይወርድና ያድራል። በማግስቱ በረሃውን ሲያቋርጥ ውሎ ማታ አዋሽ ይደርሳል፤ እዚያም ያድራል። አዲስ አበባ የሚገባው በሦስተኛው ቀን ነው። 784 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ቀን ዛሬ የሚታመን አይመስልም፤ በቅሎና ግመል ሳምንታት ይፈጁ በነበረበት ዘመን ግን እንደ መብረር ይቆጠር ነበር። ያም ሆኖ ሁለት ሌሊት በመንገድ ላይ ማደር ግድ ነው። የሚያድር ሰው ደግሞ ራት ይበላል።

ዛሬ ቅዳሜ ሲሆን ቤተሰብ ሰብስበን፣ ጓደኛ ጠርተን፣ «ወጣ ብለን እንብላ» የምንልባቸው ከተሞች ብዙዎቹ በአንድ መስመር ላይ ተደርድረዋል፦ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ። ይህን መስመር ያሰመረው ሐዲዱ ነው። ባቡሩ ውሃ ለመቅዳት በቆመበት፣ ነጂው ለማረፍ በወረደበት ሁሉ አንዲት ሴት መሶብ ተሸክማ ወጣች፣ አንድ የግሪክ ወይም የአርመን ነጋዴ ጠረጴዛ ዘረጋ። የመብል ጉዟችን ታሪክ ከዚያ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ።

ከባቡሩ በፊት መንገደኛ የሚበላው ከቤቱ የያዘውን ነበር። በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ የቤት እመቤት ጥበብ የታየባቸው የመንገድ ምግቦች ናቸው። ውሃ ብቻ ካገኙ ይበቃሉ፣ ሳምንትም ቢቆዩ አይበላሹም። ስንቁ ያለቀበት ሰው «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ይጠናል፤ ባለቤቱም እግሩን አጥቦ ያለውን ያቀርብለታል። ለእንግዳ ምግብ መሸጥ እንደ ነውር የሚታይባቸው አካባቢዎች ብዙ ነበሩ። ለዚህ ነው በአዲስ አበባ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሲከፈት ገብቶ የሚመገብ ሰው የጠፋው። አጤ ምኒልክ መኳንንቱን ሰብስበው ራሳቸው ወስደው እንዳበሏቸው፣ የምግብ ዋጋ መክፈልንም እንዳስለመዷቸው ይተረካል። ንጉሠ ነገሥት ሕዝባቸውን ከቤት ውጭ መብላት ሲያስተምሩ ማሰብ ደስ ያሰኘኛል። ስልክ ማስገባት፣ ገንዘብ ማስቀረጽ፣ ባቡር ማስዘርጋት ከዚህ የቀለለ ሥራ ሳይሆንላቸው አይቀርም፤ ብረት ትእዛዝ ይቀበላል፣ ልማድ ግን ያንገራግራል።

የባቡሩን ፈቃድ ምኒልክ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ፈቃዱን ያገኘው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔ አብሮት ሠርቷል። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሣ፤ ዕቅዱ ሐረር እንዲደርስ ነበር። ነገር ግን ወደ ሐረር ተራራ ሐዲድ ማውጣት ወጪው የማይቻል ሆነ። መስመሩ ከተራራው ግርጌ በሜዳው አለፈና በ1895 አንዲት ጣቢያ ተተከለች። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች፤ ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ ብሎ አስቀረው። ከዚያ ወዲያ ኩባንያው በገንዘብ እጦት ወደቀ፣ ሌላ ኩባንያ ተተካ፣ ሥራው ዓመታት ቆመ። ምኒልክ በ1906 ሲያርፉ ባቡሩ ገና በመንገድ ላይ ነበር። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ለገሃር የምንለው የጣቢያው ሕንፃ ደግሞ በ1922 ተመረቀ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በጥቅምት 1923፣ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ከአውሮፓ የመጡት መሳፍንትና ጋዜጠኞች የገቡት በዚሁ መስመር ነው፤ እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ ከነሱ አንዱ ነበር። ለእንዲህ ያለው መንገደኛ አዋሽ ላይ መኝታና ምግብ ያስፈልግ ነበርና ከጣቢያው አጠገብ ቡፌ ተሠራ። «ቡፌ ደ አዋሽ» ይሉታል። ለረጅም ዘመን በግሪኮች እጅ ኖሯል። ሰፊ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ደጅ ላይ ሐዲድ፣ ከዚያ ወዲያ ቁጥቋጦና ገደል። ባቡሩ ሌሊት መሄድ ከጀመረ በኋላ እንኳ ሰው ወደዚያ መሄዱን አልተወም። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የአዋሽ ፓርክን ሳላና ከርከሮ ለልጆቹ አሳይቶ፣ ማታ እዚያ በረንዳ ላይ ራት መብላት ለብዙ የከተማ ቤተሰብ የዓመቱ ትልቅ ጉዞ ነበር።

ባቡሩ ላይ ግን ትልቁ ገበታ በመስኮት የሚገባው ነበር። መስመሩ ከአዲስ አበባ ብርድ ተነሥቶ ወደ ቆላ ሲወርድ የአገሪቱን ማሳ በየጣቢያው ያስቀምሳል። ሞጆና ቢሾፍቱ አካባቢ ቆሎ፣ ሽምብራ እሸት፣ የተቀቀለ እንቁላል። አዳማ ላይ ሸንኮራ፤ የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1946 ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካ ካቋቋመ በኋላ ያ አካባቢና ሸንኮራ ተለይተው አልታዩም። መተሐራ ሲደርስ ሙቀቱ ፊት ላይ ይመታል፤ በስተቀኝ በሰቃ ሐይቅ፣ በስተግራ ፈንታሌ ተራራ፤ ከረዩና አፋር ወተት ይዘው ይቀርባሉ። ሚኤሶን፣ አፍደምን አልፎ ኤረር ጎታ ላይ የፍራፍሬው አገር ይጀምራል፦ ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ሎሚ። ሁርሶም እንዲሁ። ምድረ በዳውን ሲያይ ለዋለ ሰው ያ ሁሉ ቅርጫት ድንገት መስኮቱ ሥር ሲደረደር ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል።

እኔ የደረስኩበት በዘመኑ መጨረሻ ላይ ነው፤ አክስቴ ድሬዳዋ ስለነበረች ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከእናቴና ከታላላቆቼ ጋር እንሄድ ነበር። እናቴ የደጋ ሰው ናትና ከመንገድ መግዛት አትወድም። ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ ቋንጣ ፍርፍር በአገልግል አስራ ትነሣለች። «ልጆቼን የመንገድ ምግብ አላበላም» ብላ የተሳፈረች ሴት ግን ኤረር ላይ ስትደርስ በመስኮት ተንጠልጥላ በመንደሪን ዋጋ ስትከራከር ትገኛለች። ሻጯ «እማማ፣ ቅመሺና ካልጣመሽ መልሺ» ስትላት መቀመጫው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ እጁን ይዘረጋል። አገልግሉም ተፈትቶ ይዞራል። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሶማሌ ነጋዴ ቴምር ያወጣል፣ የሐረር እናት ሐልዋ ትቆርሳለች። በባቡር ላይ ብቻውን የሚበላ ሰው አላየሁም። የአውቶቡስ ወንበር ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ያስቀምጣል፤ የባቡሩ ወንበር ፊት ለፊት ስለሆነ ዓይን ለዓይን እየተያዩ አለመካፈል አይቻልም። ይህን የመሰለ ትንሽ ነገር የሰውን ጠባይ እንደሚወስን ባቡር አስተምሮኛል።

ድሬዳዋ ስንደርስ ሌላ ዓለም ነው። ከተማዋን ደቻቱ ለሁለት ይከፍላታል። በአንዱ ወገን ፈረንሳዮቹ በመስመር የቀየሱት ከዚራ ከነዛፎቹ፤ በሌላው ወገን መጋላ ከነገበያው። ከዚራ ላይ የባቡር ሠራተኛው የፈረንሳይኛ ቃላት ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛና ከሶማልኛ ቀላቅሎ ያወራል። መጋላ ላይ የመን፣ ሕንድ፣ ሐረር፣ ሶማሌና ኦሮሞ በአንድ ጎዳና ይነግዳሉ። ባቡሩ ያመጣቸው ሕዝቦች ሁሉ ምጣዳቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ ይህ በምግቡ ላይ በግልጽ ይነበባል።

ጠዋት ፉል ነው፦ በሸክላ ሳህን የሚንተከተክ፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ የገባበት፣ ከትኩስ ዳቦ ጋር። ወይም ፈጢራ፤ ስስ ሆኖ የተጋገረ፣ እንቁላል የገባበት፣ ማር የፈሰሰበት። የሶማሌ ቤት የሚበላ ላሆህ በቅቤና በማር ያገኛል፣ ሻይም በወተት። ምሳ ላይ ሩዝ በፍየል ሥጋ ይመጣል፤ ቅመሙ ከደጋው በርበሬ የተለየ፣ ሄልና ቀረፋ የሚሸት። እኛ ልጆቹ እንጀራ የሌለበት ምሳ ስናይ ግራ ተጋብተን እናታችንን እናያት ነበር። እሷም ታየንና አክስቴን ታያለች። «እህቴ፣ ይህ ድሬ ነው፤ ብይ» ትላታለች አክስቴ። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ከተማውን ያስተኛዋል፤ አባወራው በርጫውን ይዘረጋል፣ ሱቁ ይዘጋል። ማታ ሲነፍስ ሰው እንደገና ይወጣል። ሳምቡሳ፣ ሙሸበክ፣ ባቅላባ፣ ቀዝቃዛ ጭማቂ። በረመዳን ወር ደግሞ ጀምበር ስትጠልቅ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ሳህን ዙሪያ ሲቀመጥ አይቻለሁ፤ ጎረቤት ሾርባ ሳይልክ ማፍጠሪያው አያልፍም ነበር።

ከዚያ መመለሻ ቀን ይደርሳል። ከድሬ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አዲስ አበባ አይገባም። ቀፊራ ገበያ ሄደን አምበሾክ፣ ማንጎ፣ ሎሚ በዘንቢል እንሞላለን። ለገሃር ላይ የሚቀበለን ዘመድ መጀመሪያ የሚያየው ዘንቢሉን ነው።

ለቅርቡ መንገደኛም ባቡሩ የእሑድን ጉዞ አምጥቷል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ሆራና ባቦጋያ ዳር ሽርሽር የከተማው ሰው የበዓል ልማድ ሆነ። በኋላ የመኪና መንገዱ ሲስፋፋ ሶደሬ ፍል ውሃ ተጨመረ፤ ሰዉ ከታጠበ በኋላ እርቦት ሲወጣ ጥብሱ ይጠብቀዋል፣ ዝንጀሮዎቹም ዳቦውን ይጠብቃሉ። ወደ ደቡብ የታጠፈው መንገድ ዝዋይንና ሐዋሳን ሰጠን። ቆሮሶ ጥብስ፣ የዓሣ ሾርባ፣ ድፍረት ላለው ደግሞ ጥሬ ዓሣ በአዋዜ። በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ የሐይቆቹ ዳር በመኪና ይሞላል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክርም ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ይጓዛል፤ አያት ሽሮ ያዛሉ፣ የልጅ ልጆች ዓሣ ያዛሉ፣ ገበታው ግን አንድ ነው።

ዱከም የሥጋ ከተማ ነች። ጓደኛሞች ከአዲስ አበባ ወጥተው ቁርጥ የሚበሉባት፣ ሥጋ ቤቱ ደጅ ቆመው ብልቱን የሚመርጡባት። ይህ የጓደኛ ምግብ ነው። ብቻውን ቁርጥ ለመብላት ዱከም የሚሄድ ሰው አላውቅም፤ ጎረድ የሚያደርግ፣ አዋዜውን የሚያቀርብ፣ «ይቺን ደግሞ ቅመሳት» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለዕረፍት የሚመጣ ወንድም ገና ቦርሳውን ሳይፈታ የሚጠይቀው ይህን መንገድ ነው።

አሮጌው ባቡር ከዓመታት መንገዳገድ በኋላ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መሄዱን አቆመ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ፈጣንና ጠንካራ ነው፣ ለአገሪቱ ንግድ የግድ ነበር። ጣቢያዎቹ ግን ከከተሞቹ ራቅ ብለው ነው የተሠሩት፤ አዲስ አበባ ላይ ለቡ፣ ድሬዳዋም ከከተማው ወጣ ብሎ። በየመንደሩ የሚቆመው ባቡር ሲቀር የኤረር ባለቅርጫቶች ደንበኛቸውን አጡ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሐዲዱን የሠሩት መሐንዲሶች ስም ተጽፏል፣ በየጣቢያው መቶ ዓመት ያህል መንገደኛ የመገቡ ሴቶች ስም ግን የትም የለም። አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም ላይ ያን ሥራ የሠሩ እናቶች ዛሬም በሕይወት አሉና ምን ይሸጡ እንደነበር፣ እንዴት ያዘጋጁት እንደነበር ሄዶ መጠየቅና መጻፍ ይገባል። የድሬዳዋው የባቡር ጥገና ሥፍራ ከነማሽኖቹ ቅርስ ነው ከተባለ የአዋሹ ቡፌም ከነወጥ ቤቱ ቅርስ ነው።

በ2007 መጀመሪያ የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ደግሞ ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን በጎን ትቷቸው ያልፋል። 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሳይቆሙ አዳማ መግባት ይቻላል። ያኔ ብዙ ሰው እነዚህ ከተሞች ጉሮሯቸው ሊዘጋ ነው ብሎ ነበር። የቁርጥ ቤቶቹ ግን አልተዘጉም። ባቡሩ ስለቆመ ብቻ ይበላ የነበረው ሰው ልጆች ዛሬ ከፈጣኑ መንገድ ሆን ብለው ይወጣሉ፤ የመንገድ ክፍያቸውን ከፍለው፣ ተጠምዝዘው፣ በአሮጌው ጎዳና ወደ ዱከም ይገባሉ። የፋሲካ ማግስት የሄደ ሰው መኪና የሚያቆምበት ቦታ ለማግኘት ረጅም ሰዓት ይዞራል።