ዕንቍና እሳት፤ ስለ ነገሌ ቦረናና ስለ ደቡብ ቈላ ከተሞች የጌጥ ሥራ

በነገሌ ቦረናና በአካባቢዋ ባሉት የቈላ ከተሞች የጌጥ ሥራ ታሪክ ሲመረመር፥ በቅድሚያ የሚገኘው ዕንቍ ሳይሆን እሳት ነው። በኦሮምኛ ቱምቱ የሚባለው ቀጥቃጭ ሙያውን የወረሰው በወናፍ፥ በጉጠትና በመዶሻ ነው። በአገራችን ለአንጥረኛ ዋና የብር ምንጭ የነበረው 1780 የሚል ዓመት የታተመበት የማርያ ቴሬዛ ብር ሲሆን፥ ክብደቱ 28 ግራም ያህል፥ ከ1000 እጅም 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። እንዲህ ያለው ማዕድን ቢበላሽ እንደገና ይቀልጣል፤ ጥፋቱ ከከሰል ዋጋ አያልፍም። ጨሌውም ቢሆን በክር ይሰካል እንጂ በብር ጥርስ አይያዝም፤ ስለዚህ እሳት አያገኘውም።

እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ከነገሌ በሰሜን ምዕራብ፥ በጉጂ ምድር፥ በሻኪሶ አጠገብ መረግድ በተገኘ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። በሜጋ በኩል ደግሞ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ፔሪዶት ይወጣል። እነዚህ ድንጋዮች አንድ ጊዜ ከተሰነጠቁ ወደ ወናፍ ተመልሰው አይድኑም።

መረግድ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ጥቃቅን ስንጥቆችና ፈሳሽ የቋጠሩ ቀዳዳዎች አሉት። ቀለበት ለመበየድ የተለኰሰ እሳት ሲነካው ፈሳሹ ይነፋል፥ ስንጥቁም ይረዝማል። ፔሪዶት ድንገተኛ ሙቀትን አይችልም፤ ከብየዳ በኋላ የጠቈረውን ብር ለማጥራት የሚያገለግለው አሲድም ገጹን ይበላዋል። ስለዚህ ብየዳውና ማጥራቱ ተፈጽሞ ብሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ዕንቍ በመጨረሻ ሊቀመጥ ይገባዋል፤ ለጥገና የመጣ ቀለበትም ዕንቍው አስቀድሞ ይወልቃል።

ከሁሉ የሚያከራክረው ግን እጥበቱ ነው። በዓለም ገበያ የመረግድን ስንጥቅ በዘይት መሙላት የተለመደ ነው። ውሃን በረቂቅ ድምፅ የሚያንቀጠቅጠው ማጠቢያ ወይም ትኩስ እንፋሎት ዘይቱን ያስወጣዋል፤ ተሰውሮ የነበረው ስንጥቅ ይነጣና ዕንቍው ሌላ ይመስላል። በ2008 ዓ.ም. (በዚያው በኤውሮፓ አቈጣጠር) በወሎ በወገል ጤና የታወቀው ኦፓልም ውሃ ሲጠጣ ኅብረ ቀለሙን ያጣል፤ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ይመለስለታል። ይህን የማያውቅ ባለቤት «ዕንቍዬ ተለወጠብኝ» ብሎ አንጥረኛውን በሌብነት ይከሳል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ በአዋጅ ቢከለክሉም፥ በቀጥቃጭ ላይ የነበረው ንቀት በአዋጅ ብቻ አልጠፋም፤ በእንዲህ ያለ ክርክር መጀመሪያ የሚጠረጠረውም እርሱ ነው። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ዕንቍውን በባለቤቱ ፊት በማጉያ መነጽር መርምሮ ስንጥቁን ቢያሳየው፥ በኋላ ለሚነሣው ክርክር ምስክር ይሆነዋል።