ከሴንት ፖል ማሳ እስከ አለማያ፦ የስድስቱ ኮሌጆች ውርስ

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የምትኖሩ ወገኖቻችን በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ስቴት ፌር ትሄዳላችሁ። ከባዛሩ አጠገብ ያለውን የእርሻ ማሳ ልብ ብላችሁታል? የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሴንት ፖል ካምፓስ ነው። ስሙ ሴንት ፖል ይባል እንጂ የሚገኘው ፋልከን ሃይትስ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ይህ ማሳ ከእኛው አለማያ ጋር የሚያገናኘው ታሪክ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1862 ፕሬዚዳንት ሊንከን አንድ ሕግ ፈረሙ። መንግሥት ለየግዛቱ መሬት ይሰጣል፤ ግዛቱም በመሬቱ ገቢ እርሻና መካኒክነት የሚያስተምር ኮሌጅ ያቋቁማል። መሬቱ ከነባሮቹ ሕዝቦች የተወሰደ መሆኑ የታሪኩ ጥቁር ገጽ ነው። ሐሳቡ ግን አዲስ ነበር፤ የገበሬ ልጅ ይማር፣ የተማረውም ተመልሶ ገበሬውን ያገልግል።

የሚኒሶታና የኦክላሆማ የእርሻ ትምህርት የዚህ ሕግ ፍሬ ነው። የኦክላሆማው ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1950 ኢትዮጵያ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋገሩ። በ1952 ስምምነት ተፈረመ፤ በሐረርና በድሬዳዋ መካከልም የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ተተከለ። ሥራው ሦስት ነበር፦ ማስተማር፣ መመራመር፣ የምርምሩን ውጤት ገበሬው ደጃፍ ማድረስ።

አለማያ ብቻውን አልነበረም። ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት የመሠረቱት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ የምሕንድስና ኮሌጅ፣ ከስዊድን ጋር የተቋቋመው የሕንጻ ኮሌጅ፣ የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅና የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅም ነበሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ፤ ታጋች መኳንንትና ሚኒስትሮች በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተረሸኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ግቢ ለትምህርት ሰጡ። ልክ በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፣ ኮሌጆቹን በአንድ ጥላ ሥር ያሰባሰበው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ተመረቀ። ደም የፈሰሰበት አዳራሽ የመማሪያ ግቢ ሆነ።

በኋላ ቤተሰቡ ተበተነ። ደርግ መንፈሳዊ ኮሌጁን ዘጋው፤ ዳግመኛ የተከፈተው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። አለማያ በ1977 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ ሐረማያ ይባላል። ጎንደርም የራሱን መንገድ ያዘ። መለያየቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ልጅ ሲያድግ ጎጆ ይወጣል። ክፉው ነገር የተተከሉበትን ዓላማ መርሳት ነው።

አሁን ወደ ሴንት ፖል ልመልሳችሁ። የስንዴው ሊቅ ኖርማን ቦርሎግ የተማሩት በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኋላ የዓለም የምግብ ሽልማትን መሠረቱ፤ በእርጅናቸውም በኢትዮጵያ ገበሬዎች ማሳ ተመላለሱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ያንን ሽልማት ማን ወሰደ? በሣር ጎጆ የተወለደው፣ ከአለማያ የተመረቀው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ። ሥራው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ማዳቀል ነበር። አቀንጭራ የገበሬውን ብሔር ጠይቆ ማሽላ አይበላም፤ የገቢሳም ዘር በሁሉም ማሳ ይበቅላል።

እኛስ? በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግጭት ተነሥቶ፣ ልጁን ለትምህርት የላከ ወላጅ አስከሬን ተቀበለ። ዛሬም ክርክራችን «ዩኒቨርሲቲው የማን ነው?» የሚል ነው። ስድስቱን ኮሌጆች የተከሉት ሰዎች የጠየቁት ሌላ ጥያቄ ነበር፦ «ለማን ይጠቅማል?» የሚል። አለማያ ለገበሬው፣ ጎንደር ሐኪም ላላየው የገጠር ሰው ነበር የታሰበው።

በመጪው ነሐሴ በዚያ ማሳ በኩል ስታልፉ፣ ይህን ጥያቄ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። እናንተም ለተማራችሁበት ኮሌጅ ምን እንደመለሳችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ቸር ይግጠመን።