ቤቱን ቆጠርነው፤ በቤቱ ያለችውስ?

በ2005 መጠይቅ የያዙ ሰዎች ሼኪ ገቡ። (አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሼኪ ከጅማ ወደ ደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የደዶ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የወጣቶችን ኑሮ ሲያጠና ከመረጣቸው ቦታዎች አንዷ ነበረች፤ ሌሎቹ ጅማ ከተማ፣ ሰርቦና የቡ ሲሆኑ በዙሪያቸው ያለው ገጠርም ተካትቷል። ከ2,000 በላይ ታዳጊዎች ተጠየቁ።

አጥኚዎቹ ቀላል፣ ግን ብዙ ጊዜ የማይደረግ ነገር አደረጉ። ስለ ቤቱ ኑሮ የቤቱን ኃላፊ ጠየቁ፤ ከዚያ ልጆቹን ለብቻቸው፣ ስለ ራሳቸው ጠየቁ። በ2008 ታትሞ የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ምግብ በሚያጥርባቸው ቤቶች ውስጥ እጥረቱ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ልጃገረዶቹ ከወንዶቹ ይበልጥ ይጎዳሉ። ጣሪያው ያው ነው፣ ምጣዱም ያው ነው። በ2011 በዚያው በጅማ ዞን ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ምግብ ከሚያጥርባቸው ቤቶች የሚመጡ ታዳጊዎች ከትምህርት ገበታ ይበልጥ እንደሚቀሩ አሳየ።

ይህ ሁሉ የሆነው ጅማ ነው። የቡና፣ የማር፣ የልምላሜ አገር፤ ረሃብ ሲባል ማንም የማያስባት አገር።

እነዚህን ውጤቶች ካየሁ ወዲህ የአገራችንን የመረዳዳት ታሪክ የምመለከተው በሌላ ዓይን ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን እንረዳዳለን፤ ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። ግን የምንረዳው ማንን ነው? ቤትን ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ ይመዘገባሉ፣ መዋጮውም ካሳውም በቤት ይሄዳል። ከበሩ ወዲያ ያለው ገመና ነው፤ ገመና ደግሞ አይነካም።

ወደ ኋላ እንሂድ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለጅማ ሐጃጆች ማረፊያ የሚሆን ቤት መካ ላይ አስገዝተዋል። ከደዶ ተራራ ወርዶ፣ ባሕር ተሻግሮ መካ የደረሰ ሰው "የአገሬ ሰው ቤት" የሚለው ጣሪያ ነበረው ማለት ነው። ዛሬ በጅማ ሰው ይህን በኩራት ያነሳዋል፤ ይገባዋልም። ግን በዚያው ዘመን ሕርማታ፣ የዛሬዋ ጅማ ከተማ ያለችበት ታላቁ ገበያ፣ ከቡናውና ከዝባዱ ጋር ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከየአቅጣጫው የመጡ ባሮች በየቤቱ ይኖሩ ነበር፤ በቤቱ ውስጥ ናቸው፣ ከቤቱ ግን አይደሉም። ጎረቤት ለጎረቤት ደቦ ሲወጣ፣ ኀዘንተኛ ሲጽናና፣ እነሱ ሥራውን ይሠራሉ እንጂ በሒሳቡ አይገቡም። ይህን የማነሳው ያለፈ ቁስል ለመነካካት ብዬ አይደለም። መረዳዳትና አለመቆጠር በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው መኖር እንደሚችሉ የራሳችን ታሪክ ስለሚያሳይ ነው።

እድር የመጣው ከዚህ ዘግየት ብሎ ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከከተሞች ማደግ ጋር። ከዘመድ ርቆ ከተማ የገባ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል? ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ በጣም ጥሩ መልስም ነው። ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ መዝገብ፣ ወርሃዊ መዋጮ፣ ለቀረ መቀጮ። ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለው። መንግሥታት ሲቀያየሩ እድር አልፈረሰም፤ በ2009 የወጣው ጥብቅ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ እንኳ እድርንና እቁብን "እኔ አይመለከተኝም" ብሎ ነው ያለፋቸው። በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው የታመመ ማስታመም፣ ወላጅ ያጣ ልጅ መደገፍ ጀምረው ነበር። ይቻላል ማለት ነው።

የእድር መተዳደሪያ ደንብ ግን አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ለአባወራው ይህን ያህል፣ ለባለቤቱ ይህን ያህል፣ ለልጅ፣ ለወላጅ፣ ለአማት እያለ ይዘረዝራል። ዝምድናው በብር ተተምኖ ተቀምጧል። እስቲ የራሳችሁን እድር ደንብ አውጡና የቤት ሠራተኛዋ ብትሞት ምን እንደሚል ፈልጉ። "ልማር" ብላ ከገጠር መጥታ አክስቷ ጋር የተቀመጠችውንም ፈልጉ። ለቡና ለቀማ ከዳውሮ ወይም ከከፋ መጥቶ በረንዳ ላይ የሚያድረውን ልጅማ ተዉት፤ እሱ ቤትም የለው።

መንግሥት ሲመጣስ ተለወጠ? ብዙም አይደለም። የመንግሥት እርዳታ ፊቱን ያገኘው ከወሎ ረሃብ ነው። በ1974 የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተሠራው ለድርቅና ለእልቂት ነበር፤ ችግረኛ ማለት ከብቱ ያለቀበት፣ ማሳው የደረቀበት ወረዳ ነው። በ2005፣ ልክ ያ ጥናት ሼኪ በገባበት ዓመት፣ የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ፤ እሱም ሥር የሰደደ የምግብ እጥረት አለባቸው የተባሉ ወረዳዎችን መርጦ ነው። የከተማ ሴፍቲኔት ሲመጣም መጀመሪያ ከተመረጡት 11 ከተሞች ውስጥ ከኦሮሚያ የገባችው አዳማ ናት፤ ጅማ አልነበረችም። ለምለም አገር ያለ ድሃ ሁለት ጊዜ ይደበቃል፦ አንዴ በወረዳው ልምላሜ፣ አንዴ በቤቱ በር።

አንድ ጥሩ ነገር ልጥቀስ፤ ሁሉን ማማረር አልወድም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2011 ሲሞከር ከሙከራ ወረዳዎቹ አንዱ የጅማ ዞኑ ሊሙ ኮሳ ነበር። እሱም የሚመዘግበው በቤተሰብ ነው። ግን ቢያንስ ከቤተሰቡ ውጪ በቤቱ የሚኖር ሰው መኖሩን ያውቃል፤ ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎለት እንዲገባ ቦታ አለው። የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ ፎርሙ ላይ መስመር መኖሩ ራሱ አንድ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከበሩ ገብታ "አንቺስ በልተሻል?" ብላ ልጅቱን ለብቻዋ የምትጠይቅ ባለሙያ ስም አላት፤ ሶሻል ወርከር ትባላለች። ኢትዮጵያ ይህን ሙያ ቀድማ ነው የጀመረችው። የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ የተከፈተው በ1959 ነው። በደርግ ዘመን ተዘጋ። ሶሻሊዝም ችግሩን ከሥሩ ስለሚነቅለው ቤት ለቤት የሚዞር ባለሙያ አያስፈልግም ተብሎ ይመስለኛል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው። ዳግም የተከፈተው በ2004 ነው። ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ለሙያው በስሙ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ሳይኖረን ቆየን። ረሃብ፣ ጦርነት፣ ሰፈራ፣ ኤች አይ ቪ፤ ሁሉም ያለፈው በዚያ መሃል ነው።

መሥሪያ ቤቱም ዕድል አልቀናውም። ማኅበራዊ ጉዳይ ሁልጊዜ የሌላ መሥሪያ ቤት ጭራ ነው። ለረጅም ጊዜ "ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ" ነበር፤ በ2021 መጨረሻ ከሠራተኛ ተለይቶ ከሴቶች ጋር ተጣመረ። በ2014 የጸደቀው የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው፤ ለጥቃትና ለመገለል የተጋለጡትን ሁሉ ያነሳል። ወረቀቱ ወረዳ ሲደርስ ግን የሚሸከመው ሰው ያስፈልጋል።

ከጤና ጋር አነጻጽሩት። የጤና ኤክስቴንሽን በ2003 ሲጀመር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴቶች ተቀጠሩ፤ ደመወዝ ያላቸው፣ የሠለጠኑ፣ በጠቅላላው ከ30,000 በላይ። ሽንት ቤት ቆፍሩ፣ ልጅ አስከትቡ እያሉ ቤት ለቤት ዞሩ። "ገመናችንን አትንኩ" ያላቸው ብዙ አልነበረም፤ የሰፈሩ ልጆች ነበሩና። ቤት መግባት ነውር ነው የሚለው ሰበብ ያኔ ወድቋል። በማኅበራዊ ጉዳይ ግን በአብዛኛው ቀበሌ እንዲህ ያለ ተቀጣሪ የለም። ጉዳዩ ለጎረቤት ኮሚቴ ይሰጣል፤ ኮሚቴው ደግሞ የእድሩ ሰዎች ናቸው፤ የእድሩ ሰዎች የሚያውቁት ቤቱን ነው። እንደገና እዚያው።

በኦሮሚያ አሁን ተስፋ የተጣለበት ቡሳ ጎኖፋ ነው። (በዚህ ስም የሚታወቅ ማይክሮፋይናንስም ስላለ ብዙ ሰው ያምታታዋል፤ እኔ የምለው ስለ ክልሉ መሥሪያ ቤት ነው።) ሥሩ የገዳ ሥርዓት ነው፤ ከብቱ ያለቀበትን፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ወገኑ አዋጥቶ መልሶ የሚያቆምበት። ክልሉ በ2021 በሕግ ተቋም አደረገው፤ አባላት በዓመት ያዋጣሉ፣ ድርቅና መፈናቀል ሲመጣ ይደርሳል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። እርዳታን ከውጭ ስንዴ ወደ ራስ ኪስ ማዞር ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ይህም የተሠራው ለወደቀ ቤት ነው። ያልወደቀ ቤት ውስጥ ላለችው፣ ቡናው ተሽጦ፣ ቆርቆሮው ተመትቶ፣ እሷ ግን መጨረሻ ለምትበላው፣ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል ገና አላየንም። ጉዲፈቻም እኮ በኦሮሞ ባህል አለ፤ ከሌላ ቤት የመጣን ልጅ እንደ ራስ ልጅ በስሙ መቁጠር። ተቋም የምናደርገው የድሮ ነገር ከፈለግን፣ እሱም እዚያው ነው ያለው።

የደዶ ወረዳ ማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊ ብሆን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለየቀበሌው አንዲት ደመወዝተኛ፣ የሰፈር ልጅ የሆነች፤ ለየእድሩ መዝገብ አንድ ተጨማሪ ዓምድ፣ "በቤቱ የሚኖሩ ሌሎች" የሚል፤ የ2005ቱ ዓይነት ጥያቄ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ፣ ልጆቹ ለብቻቸው እየተጠየቁ። የዓምዱ ወጪ የእስክሪብቶ ቀለም ነው።

በዚያ ጥናት ላይ መልስ የሰጡት የሼኪ ልጃገረዶች ዛሬ 30 ዓመት አልፏቸዋል። ብዙዎቹ አሁን እናቶች ናቸው፤ ሌማቱን የሚያቀርቡት፣ ለማን መጀመሪያ እንደሚቆረስ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ተመልሶ የጠየቃቸው ሰው ይኖር ይሆን?