የባላገርና የመኳንንት አራስ ቤት በሐይቅና በአምባሰል

የሐይቅ ዳርቻና የአምባሰል ተራራ በታሪክ ዘወትር የሚነሡት ስለ መነኮሳትና ስለ ነገሥታት ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርትን አስተምረዋል፤ በግሸን አምባም የነገሥታት ዘሮች ተጠብቀው ኖረዋል። እነዚህን ሰዎች ስለ ወለዱት እናቶች ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። የባላገሪቱንና የእመቤቲቱን እርግዝናና አራስነት አስተያይቶ መመልከት፥ ማዕረግ ለአንዲት እናት ምን እንደ ጨመረላትና ምን እንደ ወሰደባት ለማወቅ ይረዳል።

በአገሩ ልማድ የባላገር ሚስት ነፍሰ ጡር ስለ ሆነች ብቻ ከሥራ አታርፍም ነበር፤ ውሃ ትቀዳለች፥ እንጨት ትለቅማለች፥ በድንጋይ ወፍጮ ትፈጫለች። የበኩር ልጇን ለመውለድ ግን ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። በዚያም የልምድ አዋላጅ ትጠራላታለች፤ ጎረቤቶችም «ማርያም፥ ማርያም» እያሉ በምጧ ጊዜ ይከቧታል። ልጅ ሲወለድ እልልታ ይሰማል፤ እልልታውም ለወንድ ይበዛል፥ ለሴት ያንሳል። ከዚያ በኋላ ገንፎ ይገነፋል፤ አራሷ በቅቤና በአጥሚት ትጠገናለች። በዚህ አገር ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር ስለሚኖር፥ ወዳጃ በሚባለው የጸሎት ስብሰባ ላይም ነፍሰ ጡሮች ይመረቃሉ፤ በእስላሙ ቤት በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ይታረዳል። ድህነቱ ብርቱ ቢሆንም አራሷ ብቻዋን አልነበረችም።

በመኳንንት ቤት ግን ልጅ መውለድ የመንግሥት ጉዳይ ነበር። ለዚህ ዋናው ምስክር ግሸን አምባ ነው። በግራኝ አሕመድ ጦርነት በ16ኛው መቶ ዓመት እስኪጠፋ ድረስ፥ ዙፋን ሊሹ ይችላሉ የተባሉት የንጉሥ ዘመዶች ከነቤተሰባቸው በዚያ ይጠበቁ ነበር። ስለዚህ በተራራው ሥር ያለው ገበሬ ወንድ ልጅ ተወለደልኝ ብሎ ደስ ሲለው፥ በተራራው ላይ የሚወለደው ወንድ ልጅ ከእናቱ ማኅፀን ሲወጣ ጀምሮ እስረኛ ነበረ።

ከግሸን ዘመን በኋላም ይህ ሸክም አልቀረም። እቴጌ መነን በ1883 ዓ. ም. በአምባሰል ተወለዱ፤ አባታቸው ጃንጥራር አስፋው፥ እናታቸው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስሂን ናቸው። በቀድሞ ጋብቻቸው ልጆች ከወለዱ በኋላ፥ በ1903 ዓ. ም. በአጎታቸው በልጅ ኢያሱ ፈቃድ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን አገቡ። ሐምሌ 20 ቀን 1908 ዓ. ም. በሐረር ልዑል አስፋ ወሰንን ወለዱ። አርባው ቀን ካለፈ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፥ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ. ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ ተፈሪም አልጋ ወራሽ ተባሉ። ጥቅምት 17 ቀን ደግሞ የእመቤቲቱ አያት ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ከሸዋ ጦር ጋር ተዋግተው ተማረኩ። ባላገሪቱ በአራስነቷ የምትጠጋው የእናቷ ወገን፥ ለእመቤት መነን የባላቸው ጠላት ሆኖ ተሰለፈ። ገንፎውና አገልጋዩ በብዛት ቢገኝም፥ የእናት ቤት መጠጊያነት ግን በዚያን ጊዜ አልነበረም።

ሁለቱን ቤቶች እኩል የሚያደርጓቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ሕግ ነው። በፍትሐ ነገሥት መሠረት ክርስቲያን እናት ወንድ ከወለደች 40፥ ሴት ከወለደች 80 ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ በዚህም በእቴጌና በገበሬ ሚስት መካከል ልዩነት የለም። ሁለተኛው ሞት ነው። የወረ ኢሉው የደጃዝማች ዓሊ ልጅ ወይዘሮ የሺእመቤት፥ ልጃቸው ተፈሪ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው መጋቢት 6 ቀን 1886 ዓ. ም. በወሊድ ሞቱ። የእቴጌ መነን ልጅ ልዕልት ፀሐይም በእንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ ተምረው ሳለ፥ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ. ም. በነቀምት በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። የንግሥት ልጅነትም ሆነ የሕክምና ዕውቀት፥ ሐኪም ቤት በቅርብ በሌለበት ቦታ አላዳናቸውም።

ከልዕልቲቱ ሞት በኋላ ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስበው፥ በስማቸው በ1940ዎቹ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተከፈተ። በአምባሰል ገጠር የምታምጠው እናት ግን ከዚያ ብዙ ቀን ርቃ ነበር። የእሷ ሞት ሐውልት አላስቆመም፤ በመንደሯ ለቅሶ ብቻ ታሰበ። በ1992 ዓ. ም. በተደረገው የአገር ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ. ም. ቁጥሩ ወደ 412 ወረደ።

ለዚህ መሻሻል ከረዱት ነገሮች አንዱ፥ የመውለጃ ቀናቸው የደረሰ እናቶች በጤና ጣቢያ አጠገብ የሚቆዩበት ማቆያ ነው። በብዙዎቹ ማቆያዎች ገንፎ ይገነፋል፥ ቡና ይፈላል። ይህም የሚያሳየው የባላገሩ አራስ ቤት ለሐኪሙ እንግዳ አለመሆኑን ነው። ማዕረግ ለእመቤቶች አገልጋይ ሰጥቶ ወገንን ነሥቶ ነበር፤ ባላገሪቱ ወገን ነበራት፥ ሐኪም ግን አልነበራትም። እናት የምትድነው ሁለቱ በአንድ ቤት ሲገናኙላት ነው።