የመቃብር ሐውልት ምዝገባ፦ ድንጋዩ የሚለውን እንዳለ መገልበጥ

የቤተሰብ ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች በእንግሊዝኛ «ግሬቭስቶን ትራንስክሪፕሽን» የሚሉት ሥራ አለ። በበጎ ፈቃድ ወደ መቃብር ቦታ ሄዶ የሐውልቶቹን ፎቶ ማንሣት፣ የተቀረጸባቸውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል መገልበጥ፣ እያንዳንዱ የት እንደቆመ ማመልከትና ሁሉንም ማንም ፈላጊ በሚያገኘው መዝገብ ላይ ማኖር ነው። በአማርኛ «የመቃብር ሐውልት ምዝገባ» ብንለው ያስኬዳል። «የመቃብር ምዝገባ» ብቻ ካልን ለቀብር ቦታ ወረፋ መያዝ ይመስላል። የሚሠራውን ሰው «መዝጋቢ»፣ የሚያወጣውን ጽሑፍ ደግሞ ቢሮ ሁሉ በሚያውቀው ቃል «ግልባጭ» እንበለው።

ሥራው ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። ስኮትላንድን ብንወስድ፣ ጆን ፋውለር ሚቸልና ሺላ ሚቸል የተባሉ ባልና ሚስት በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ የሐውልት ጽሑፎችን ሰብስበው በየአውራጃው አሳትመዋል። የመረጡት ከ1855 በፊት የሞቱትን ነው («ዓ.ም.» ያልተጨመረበት ዘመን ሁሉ እዚህ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ዓመቱ እንዲያው የተመረጠ አይደለም። በስኮትላንድ መንግሥት ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በግዴታ መመዝገብ የጀመረው በጃንዋሪ 1 ቀን 1855 ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሞተ ሰው ወረቀት ይገኝለታል። ከዚያ በፊት ለሞተ ግን የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ከጎደለ፣ የቀረው ምስክር ዝናብና ውርጭ የሚበላው ያ ድንጋይ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የስኮትላንድ ሐውልት ለእኛ አንባቢ የሚያስገርም ነገር አለው። ያገባች ሴት ብዙ ጊዜ የምትጠራው በባሏ ሳይሆን ከአባቷ ቤት ባመጣችው ስም ነው፤ እንደኛው ማለት ነው። የጎረቤቷ እንግሊዝ ሐውልት የሴቲቱን ትውልድ በባሏ ስም ሥር ሲቀብረው፣ የስኮትላንዱ ለአጥኚው ሁለት ቤተሰብ ያስረክበዋል። በአሮጌዎቹ ላይ ደግሞ የሙያ ምልክት ይቀረጻል፦ ለሸማኔው መወርወሪያ፣ ለቀጥቃጩ መዶሻና ዘውድ። ስሙ ተፍቆ ምልክቱ የቀረለት ሐውልት ሞልቷል፤ መዝጋቢው ታዲያ ምልክቱንም ይጽፋል።

በአሁኑ ጊዜ በስፋት የሚታወቀው የኢንተርኔት መዝገብ «ፋይንድ ኤ ግሬቭ» ነው። ጂም ቲፕተን የተባለ የሶልት ሌክ ሲቲ ነዋሪ በ1995 ሲጀምረው የታዋቂ ሰዎችን መቃብር ለሚጎበኙ እንደሱ ላሉ ሰዎች ነበር። ቀስ በቀስ የማንኛውም ሰው መቃብር እየገባበት ሄደ፤ በ2013 አንሴስትሪ የተባለው የዘር ጥናት ኩባንያ ገዛው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ሩቅ አገር ሆኖ «የአያቴ መቃብር እገሌ ከተማ ነው፣ ፎቶ የሚያነሣልኝ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ለመቃብሩ የሚቀርብ በጎ ፈቃደኛ ጥያቄውን አይቶ «እኔ እሄዳለሁ» ይላል፤ ሲመቸው ሄዶ ያነሣና ይለጥፍለታል። በ2011 የመጣው «ቢሊየን ግሬቭስ» ሥራውን ለሁለት ከፈለው፦ አንዱ በስልኩ እያነሣ ያልፋል፣ ስልኩ ቦታውን በጂፒኤስ ይይዛል፤ ሌላው ቤቱ ቁጭ ብሎ ከፎቶው ላይ ይገለብጣል።

የዚህ ዓይነቱ ድረ ገጽ ነውርም አለው። የለቅሶ ማስታወቂያ እየቃረሙ፣ ሟቹ ገና ሳይቀበር ገጽ የሚከፍቱለት ነበሩ፤ ቤተሰቦችም ተቆጥተዋል። የእኔ ምክር አጭር ነው፦ ሐውልት ያልቆመለትን ሰው አትመዝግቡ፤ ሐዘኑ ገና የቤተሰቡ ነው።

ድንጋዩ አጠገብ ሲደረስ መጀመሪያ የሚመጣው ፈተና ብርሃን ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት የመታችው ጽሑፍ ይጠፋል፤ ከጎን ስትመታው ግን የእያንዳንዱ ፊደል ቦይ ጥላ ይይዛል። ስለዚህ ልምድ ያለው መዝጋቢ የሐውልቱን አቅጣጫ አይቶ ሰዓት ይመርጣል። ፀሐይ ለማያገኘው ሐውልት መስተዋት ይዞ ይሄዳል፤ ረዳቱ ከጎን ቆሞ ብርሃኑን በድንጋዩ ገጽ ላይ አግድም ሲለቀው፣ ባዶ የመሰለው ድንጋይ ስም ያወጣል። ጽሑፉ እንዲጎላ ብሎ የመላጫ አረፋ፣ ጠመኔ ወይም ዱቄት መቀባት ድሮ የተለመደ ነበር፤ ዛሬ የተወገዘ ነው፤ ድንጋዩን ይጎዳል። በረኪናና የሽቦ ብሩሽም እንደዚያው። ንጹሕ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። የድንጋይ ሽበቱ በኃይል ከተፋቀ ከሥሩ ያለውን ፊደል ይዞ ሊነሣ ይችላል፤ የላላ ድንጋይ ደግሞ ጭራሽ አይነካም።

ግልባጩ የሚመዘነው በታማኝነቱ ነው። ሐውልቱ «ስላሴ» ካለ «ሥላሴ» ብሎ ማረም አይቻልም። የማይነበበው በነጥብ ይተካል እንጂ በግምት አይሞላም፤ መዝጋቢው ከሌላ ቦታ የሚያውቀው ነገር ካለ በማስታወሻ ለብቻው ይቀመጣል። ግልባጩ ውስጥ ከገባ ግን የድንጋዩ ቃል የቱ፣ የመዝጋቢው የቱ እንደሆነ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚለይ የለም። ድንጋዩ ራሱ ሊሳሳት እንደሚችልም መታወቅ አለበት። በእኛ አገር ሐውልት ብዙ ጊዜ የሚቆመው ለሙት ዓመት ነው፤ የሟቹን የልደት ዘመን የሚናገሩት ልጆቹ ናቸው፤ ልጆች ደግሞ አባታቸው ሲወለድ አልነበሩም።

በአሜሪካም በአውሮፓም በግዕዝ ፊደል የተቀረጹ ሐውልቶች አሉ፤ የሚያነሣቸው በጎ ፈቃደኛ ግን በአብዛኛው ማንበብ አይችልም። አማርኛ የሚያነብ መዝጋቢ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከፊደሉ ቶሎ የምትጠፋው ትንሿ ቅጥያ ናት፤ «አበቡ» የካዕብ ምልክቷን ከተነጠቀች «አበበ» ትሆናለች፣ ሴቲቱም ወንድ ሆና ትመዘገባለች። የግዕዝ ቁጥር ላይ ፮ እና ፯ ይምታታሉ። ከሁሉ የባሰው ዘመኑ ነው። «ጥር 1970 ዓ.ም.» የሚለውን የማያውቅ ሰው 1970 ብሎ ሲመዘግበው ሟቹን ስምንት ዓመት አስቀድሞ ይገድለዋል፤ እንደ ፈረንጆቹ 1978 ነውና። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ይደመራል። ድንጋዩ ላይ ያለው ግን እንዳለ ከነ«ዓ.ም.»ው ይገለበጣል፤ ስሌቱ ማስታወሻ ውስጥ ይግባ።

ስሙም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። መዝገቦቹ «የቤተሰብ ስም» ብለው ይጠይቃሉ። «ወ/ሮ አበቡ ካሣ ወልዴ» የሚል ሐውልት ለኛ ሦስት ትውልድ ነው፦ ሟቿ፣ አባቷ፣ አያቷ። ለመዝገቡ ግን ወልዴ ወይም ካሣ የሚባል ቤተሰብ ነው፤ ልጆቿ በአባታቸው ስም ስለሚጠሩ ፍለጋው ከእናታቸው ጋር አያገናኛቸውም። ዝምድናው በእጅ መያያዝ አለበት፤ ፋይንድ ኤ ግሬቭ ወላጅንና የትዳር ጓደኛን ማያያዣ ቦታ አለው። የክርስትና ስምና እንደ ግራዝማች፣ መሪጌታ ወይም ሐጂ ያለ መጠሪያም አይዘለልም፤ ሁለት ተመሳሳይ ስሞችን የሚለየው አንዳንዴ እሱ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥስ? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። የሚቸል ባልና ሚስት 1855 ላይ ያሰመሩት መስመር በእኛ አገር የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ከመስመሩ ማዶ ያሉት ሙታን ወላጆቻችንና አያቶቻችን ናቸው። እርግጥ ድንጋይ ሁሉንም አይነግረንም። በገጠር አብዛኛው መቃብር ጽሑፍ የሌለው የድንጋይ ክምር ነው፤ በዚያ ወገን የሚያዋጣው እስከ ሰባት ቤት በቃል የሚቆጥር ሽማግሌ ነው። ሐውልት ያለው በብዛት የከተማ ሰውና አቅም የነበረው ቤተሰብ ነው።

የከተማውም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው። በአዲስ አበባ አጥቢያዎች በቦታ ጥበት ወይም በግንባታ ምክንያት ሐውልቶችና ፉካዎች እንዲነሡ ለቤተሰብ ማስታወቂያ ይወጣል። ማስታወቂያውን ያየ ሰው ቀነ ገደቡ ሳያልፍ የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅዶ ፎቶ ማንሣት ይችላል፦ አንድ ፎቶ ሙሉውን ሐውልት፣ አንድ ጽሑፉን ብቻ ከቅርብ፣ አንድ ደግሞ ረድፉን ከነጎረቤቶቹ፤ አጠገብ ለአጠገብ የተቀበሩ ዘመዳሞች መሆናቸው የተለመደ ነውና። ከዚያ የዕድሩን ጸሐፊ መጠየቅ ነው። የዕድር መዝገብ ለሐዘንተኛው ቤተሰብ ክፍያ የተፈጸመበትን ቀን ስለሚይዝ፣ ሐውልቱ ላይ ያለውን የሞት ቀን ለማመሳከር ከእሱ የተሻለ ወረቀት በሰፈር ውስጥ አይገኝም።