የንግድ መደብር ሠራተኞች ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም በኢትዮጵያ

በሱቅና በሱፐርማርኬት በሻጭነት፣ በገንዘብ ተቀባይነት፣ በዕቃ ደርዳሪነትና በጽዳት ተቀጥረው የሚያገለግሉ ሠራተኞች የሚተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ የሥራ ሰዓትን፣ ፈቃድንና ስንብትን በዝርዝር ሲደነግግ የደመወዙን መጠን ግን በአሠሪው፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ውል እንዲወሰን ትቶታል። በመሆኑም የዝቅተኛ ተከፋዩ ኑሮ በደመወዙ ብቻ ሳይሆን በሕግ የተሰጡትን ሌሎች ጥቅሞች በማግኘቱና ባለማግኘቱም ይወሰናል።

ከጉብሬ እስከ መርካቶ

ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ጉብሬ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ እንደመሆኗ የሱቅ፣ የጽሕፈት መሣሪያና የምግብ ቤት ንግድ ለወጣቶች የሥራ በር ከሚከፍቱት ዘርፎች መካከል ናቸው። በጉራጌ ዞን የሱቅ ሥራ ከቅጥርም በላይ ነው። ወጣቱ በዘመድ ወይም በአገር ልጅ ሱቅ ገብቶ ንግድ የሚለምድበት፣ ቀስ በቀስም ራሱን የሚችልበት ነባር መንገድ ሲሆን፣ የመርካቶ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ያለፉበት ነው።

በዚህ ዓይነቱ ቅጥር ውሉ ብዙውን ጊዜ የቃል ነው፤ ምግብና መኝታም የክፍያው አካል ተደርገው ይታሰባሉ። አዋጁ ውል በጽሑፍ ባለመደረጉ ብቻ ሠራተኛው መብቱን እንደማያጣ ይደነግጋል። በአዋጁ መሠረትም ደመወዝ በዓይነት ሊከፈል የሚችለው ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ ሲሆን፣ ግምቱም በገንዘብ ከሚከፈለው ደመወዝ 30 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ማደሪያና ቀለብ መስጠት አሠሪውን ከጥሬ ገንዘብ ክፍያ ነፃ አያደርገውም።

የደመወዝ ወለል ጥያቄ

የአዋጁ አንቀጽ 55 የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ተወካዮች እንዲሁም ሌሎች ባለድርሻዎች የሚገኙበት የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም፣ ቦርዱም የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገትና የሥራ ገበያውን ሁኔታ በጥናት እያየ ዝቅተኛውን የደመወዝ መጠን እንደሚከልስ ያመለክታል። ይሁን እንጂ እስከ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ ድረስ ለግሉ ዘርፍ የሚያገለግል አገር አቀፍ የደመወዝ ወለል አልተወሰነም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ወለሉ እንዲወሰን በተደጋጋሚ ሲጠይቅ ቆይቷል።

በአንጻሩ የመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛ የደመወዝ መነሻ በ2017 ዓ.ም. ከ1 ሺህ 100 ብር ወደ 4 ሺህ 760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ 6 ሺህ ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው የግል መደብር ሠራተኞችን አይመለከትም። የሁለቱም ወገኖች ገበያ ግን አንድ ነው።

በጎረቤት ኬንያ መንግሥት የሚያወጣው የደመወዝ ትእዛዝ ለሻጭና ለገንዘብ ተቀባይ በየሙያቸው ዝቅተኛ ክፍያ ይወስናል። ደቡብ አፍሪካም በጅምላና በችርቻሮ ንግድ ለተሰማሩ ሠራተኞች የተለየ ድንጋጌ ያላት ሲሆን፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አገር አቀፍ የደመወዝ ወለል በሥራ ላይ አውላለች።

በሕግ የተጠበቁ ጥቅሞች

መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ሠራተኛው በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይገባዋል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በአንቀጽ 68 የተወሰነ ሲሆን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ሥራ የመደበኛው የሰዓት ደመወዝ በ1 ነጥብ 5፣ ለሌሊት ሥራ በ1 ነጥብ 75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2 ነጥብ 5 ተባዝቶ ይከፈላል።

ለምሳሌ በወር 4 ሺህ ብር የሚከፈለው ሠራተኛ 26 የሥራ ቀን ቢታሰብለት የአንድ ሰዓት ደመወዙ 19 ብር ከ23 ሳንቲም ያህል ይሆናል። ይኸው ሰው ቤተ ዘመድ በሚሰባሰብበት የመስቀል በዓል ዕለት ሱቅ ጠባቂ ሆኖ ቢቀር ለእያንዳንዱ የትርፍ ሰዓት 48 ብር ገደማ ይገባዋል ማለት ነው።

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይጨመርበታል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ታገኛለች። የታመመ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ተከታዮቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው።

በመደብር ሥራ ብዙ ጊዜ አለመግባባት የሚያስነሳው የዕቃና የገንዘብ ጉድለት ነው። አንቀጽ 59 አሠሪው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ደመወዝ እንዳይቆርጥ ይከለክላል። የተፈቀደው ቅናሽም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም።

ግብርና ጡረታ

በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ ከግብር ነፃ የሆነውን ወርኃዊ ገቢ ከ600 ብር ወደ 2 ሺህ ብር አሳድጓል። ከላይ በምሳሌነት የተጠቀሰው ሠራተኛ ቀድሞ 497 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ይከፍል ነበር፤ በአዲሱ ስሌት 300 ብር ይከፍላል። የ280 ብር የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ 3 ሺህ 420 ብር እጁ ይገባል።

የትላልቅ መደብሮች መስፋፋት

ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች ተከልሎ የቆየው የችርቻሮ ንግድ በ2016 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። ቅርንጫፎቻቸው የበዙ መደብሮች ሲስፋፉ በርካታ ሠራተኛ በአንድ አሠሪ ሥር ይሰባሰባል፤ ይህም ለመደራጀትና ለኅብረት ስምምነት ያመቻል። ሕጉ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይፈቅዳል። ከአሥር በታች ሠራተኞች ያሏቸው እንደ ጉብሬ ያሉ ከተሞች ትናንሽ ሱቆች ሠራተኞችም፣ የአባላቱ ቁጥር ከአሥር ካላነሰ፣ በጋራ ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ።

መብትን ስለማስከበር

ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌላ ክፍያ መክፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ከሥራ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበው ክስ ደግሞ በሦስት ወር የተገደበ ነው። በዘመድ ሱቅ ተቀጥሮ ይሉኝታ ይዞት ዝም ያለም ሆነ በትልቅ መደብር ሥራዬን አጣለሁ ብሎ የፈራ ሠራተኛ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚጠይቀው ሂሳብ አይኖረውም።